ቀዩ ሸክላ ላይ የጠፋው መብራት

ሰውየው የሚነግረን ትዝታ አንድም ስህተት አልነበረበትም። መጠርጠር የጀመርኩት ከዚያ ነው።

በእኔ ሙያ እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ሳነብ ኖሬያለሁ። አንድ ባልደረባ ዛሬ የመዘገበው ውጤት ካለፈው ጋር ልክ ለልክ ከገጠመ፣ ጎበዝ ነው አንልም፤ ናሙናው የተቀባበትን መስታወት ሳያይ ከመዝገብ ገልብጧል እንላለን። በዓይኑ ያየ ሰው መቼም ቢሆን ትንሽ ይስታል።

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ "ሊፍቴ" ይለዋል። ከአሥራ አንድ ወር በፊት፣ የእህቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ባለበት ሕንፃ ውስጥ የቆመ ሊፍት ሊያስነሳ መጣ። ሊፍቱ ተነሣ፤ እሱ ግን አልሄደም። እህቴ ባሏ ከሞተ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። አሁን ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሊፈራረሙ ነው፤ በእሷ በኩል ምስክር ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ምስክሩ የሚፈርምበት ቅጽ ላይ "ተጋቢዎቹን በሚገባ አውቃቸዋለሁ" የሚል መስመር አለ። ቅጹን ቀደም ብዬ አስመጥቼ አንብቤዋለሁ።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ እህቴ ቤት ሸክላ እንሰማለን። የምንሰማው ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳውን ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ናቸው። "ስቱዲዮ ውስጥ የዘፈነ ለግድግዳ ነው የዘፈነው" ይላሉ። ሁለተኛም ሕግ አላቸው፤ ሸክላውን ያመጣ ሰው መርፌው ከመውረዱ በፊት ኮንሰርቱ ምን እንደሚያስታውሰው ይናገራል። የእሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስታዲየም ውስጥ፣ በዝናብ የተቀዳ። ገና ያልታደለ ደብዳቤ የሞላ የፖስታ ከረጢት በጀርባቸው አዝለው ገብተው፣ ደብዳቤው ሁሉ በስብሶ፣ ሦስት ቀን ቤታቸው ውስጥ በገመድ አስጥተው አድርቀውታል። "ሳደርቅ ዓይኔ አርፎባቸው የቀሩ መስመሮች አሉ" ይሉናል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እስከ ዛሬ የሰው ምስጢር ተሸክሜ ነው የምዞረው።" በተናገሩት ቁጥር የደብዳቤው ብዛት ይለያያል። ስለዚህ አምናቸዋለሁ።

የእህቴ ሸክላ ሽፋኑ ቀይ ነው። የአንድ ባንድ ብቸኛ የመድረክ አልበም ነው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ተቀዳ። እህቴና ሟቹ ባሏ ያኔ እጮኛሞች ነበሩ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ዘጠኝ ዘፈን አለው። ከሦስተኛው በኋላ መብራት ይጠፋል፤ ይህ በደንብ ይሰማል። ጊታሩ ይቆረጣል፣ ሰው "ኡ!" ይላል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች። ከዚያ ዘፋኙ ያለ ማይክራፎን፣ ከሩቅ፣ ስለ እናቱ የሚዘፍነውን ይጀምራል። ሸክላው የሚወደደው በዚያ ነው። እኔም በጨለማው ውስጥ እንዴት ቆሜ እንደሰማሁት ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ሊፍቴ መጀመሪያ የመጣ ዓርብ ይህን ሸክላ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ፖስተኛው ወዲያው ያዙት።

"አንተም ነበርክ እንዴ?"

"ነበርኩ።"

"የት ነበር የተቀመጥከው?"

ትንሽ ዘገየ። "ሰባተኛ ረድፍ።"

ከዚያም ተረከው። የዝናቡ ዘፈን፣ የደብዳቤው፣ የመንገዱ፣ ከዚያ ጨለማው፣ መጨረሻ ላይ የባቡሩ ዘፈን። ሸክላው ላይ የምትሰማዋ ሳል እንኳ በቦታዋ ነበረች። ፖስተኛውን እንባ እንባ አላቸው። እህቴ ግን መቀሷን ይዛ ክር ትቆርጥ ነበር፤ ቀና አላለችም። እሱን ልብ አልኩ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ማጫወቻ ላስቲኩ ላልቶ ድምፁ ሲጎተት ጊዜ፣ አምፕሊፋየርና ሬዲዮ ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። መሞከሪያ እንዲሆን ቀዩን ሸክላ ይዤ ነበር። ሽማግሌው ሽፋኑን አገላብጠው አዩና "ይህን የቀዳሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"እውነት?"

"ቅደም ተከተሉ ግን ውሸት ነው። ሸክላ አንድ ፊቱ ከሃያ ደቂቃ ብዙ አይዘልም። በተዘፈነበት ተራ አልገባ አለን፤ የመቅጃውን ክር በምላጭ ቆርጠን፣ በማጣበቂያ ቀጥለን አገለባበጥነው። መብራት የጠፋውም እዚህ አልነበረም። የእኔ መቅጃ በሌላ መስመር ስለሆነ አልቆመም እንጂ፣ የጠፋው..."

እጄን አነሣሁ። "አባቴ፣ አሁን አይንገሩኝ። የተጻፈ ነገር አለዎት?"

"የዚያን ቀን በእጄ የሞላሁት መዝገብ ቤቴ ሳጥን ውስጥ አለ። ምነው?"

"ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ የከፈትኩት ራዲዮ መጠገኛ ነው። ፍርድ ቤቱ ማዶ ነው።"

ለምን እንዳስቆምኳቸው ላስረዳ። በላቦራቶሪ ሁለት አንባቢ የሚባል አሠራር አለን። አንዱን መስታወት ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል፤ ሁለቱም ያዩትን ጽፈው ሳያስረክቡ አይነጋገሩም። የሌላውን ውጤት አስቀድሞ የሰማ ሰው፣ ባያይም ያያል። በዚያ ላይ ሌላውን የሚያስጽፍ ራሱም መጻፍ አለበት። ስለዚህ ያን ዕለት ማታውኑ ዘጠኙን ዘፈኖች እንደማስታውሳቸው በተራ ጻፍኩ፤ መብራት የጠፋበትን በመስመር ለየሁ፤ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ አሸግሁ፤ ቀን ጻፍኩበት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፦ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው አዳራሹን ይጽፋል፣ ያልነበረ ሸክላውን ይጽፋል። ሰውየው ሸክላውን ከጻፈ፣ እህቴ ልታገባ ያለችው ሰው የእሷንና የሟች ባሏን ቀን ሰርቆ የኔ ነው የሚል ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አልፈርምም።

ዓርብ ዕለት ሸክላውን ጋዜጣ ሥር ደብቄ ወረቀት አደልኩ።

"ጨዋታ ነው" አልኩ። "ሳትነጋገሩ በተራ ጻፉ። መብራት የጠፋበትንም አሳዩ።"

"እኔስ?" አሉ ፖስተኛው።

"እርስዎ አልነበሩም፤ ተቆጣጣሪ ይሁኑ።"

"የምስክር ወረቀት አለው ፈተናው?" ወደ ሊፍቴ ዞሩ። "ተጠንቀቅ የኔ ልጅ። ዶክተራችን 'ያልጠረጠረ ተመነጠረ' የሚል ሰው ነው። ባለፈው ከእኔ ላይ ስኳር ሲበደር ጣሳውን በብርሃን አይቶታል።"

ዶክተር አይደለሁም፤ ሲያበሽቁኝ ነው እንዲህ የሚሉኝ። ጣሳውን ግን አይቼዋለሁ።

ሊፍቴ ሳቀ፤ ሳቁ ከጉሮሮው አላለፈም። "በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ ጋሼ?"

"በእስክሪብቶ።"

"የማይሰረዝ ነገር ይወዳሉ።"

ቀስ ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ፤ አንዴ ወደ እህቴ አየ። እሷ በአንድ ትንፋሽ ጽፋ ጨርሳ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ከዚያ እኔን ማየት ጀመረች። የምታየኝ ልኬቱ የተበላሸ ኮት ይዞ የመጣ ደንበኛ እንደምታይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን አየሁት። በቀጭን ሰማያዊ ቀለም፣ ሰዓቱ ከጎኑ እየተጻፈ የተሞላ ነው። ኮንሰርቱ የተጀመረው በባቡሩ ዘፈን ነው። መብራት የጠፋው ከስምንተኛው በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ሦስቱን ወረቀቶች በሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ፣ የብየዳ ዕቃው መሃል ደረደርኳቸው።

ሊፍቴ ዘጠኙንም እንደ ሸክላው ጽፏል።

የእህቴ ሁለት ዘፈን ብቻ አቀያይሮ እንደ መዝገቡ ነው። መብራቱን ትክክለኛ ቦታው ላይ አጥፍታዋለች።

ፖስታዬን ቀደድኩ። የእኔም ዘጠኙንም እንደ ሸክላው ነው።

ትንሽ ቆሜ አየሁት። ወዲያውም ማብራሪያ አገኘሁለት፦ ሸክላውን በሃያ ስድስት ዓመት ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ያየሁትን ሸፍኖታል፤ ያለ ነገር ነው። ይህ ማብራሪያ ለሊፍቴም ሊሠራ እንደሚችል አላጣሁትም። ነገር ግን ለራሴ ያዘዝኩትን መድኃኒት ለእሱ ነፈግኩት። ወረቀቴን አጥፌ ውስጥ ኪሴ ከተትኩ፤ የእሱን እጄ ላይ ይዤ ወደ እህቴ ሱቅ ሄድኩ።

ብቻዋን ነበረች፤ የሰው ሱሪ እያሳጠረች። ወረቀቱንና ከመዝገቡ የገለበጥኩትን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩላት። ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ቁጥር በቁጥር።

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች። "ጨዋታ ነው ብለኸን ነበር።"

"ሰውየው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"አለመኖሩን። በተዋወቅን በሁለተኛው ወር ነግሮኛል። የት እንደነበረም ነግሮኛል። እሱን ራሱ ይንገርህ፤ የእኔ ወሬ አይደለም።" መርፌዋን አፏ ላይ ይዛ አየችኝና አወጣችው። "ያንተስ ወረቀት?"

"የእኔ?"

"አዎ፣ ያንተ።"

"እኔ አልጻፍኩም።"

ይህን ስል ድምፄ ምንም አልሆነም። ለዚህ ነው የምናገረው፤ ውሸት ድምፅን ያሻክራል የሚሉት እውነት አይደለም።

"ጋሼ" አለች፣ "አንተ ሳትጽፍ ሰው አታስጽፍም። አምጣ።"

አወጣሁት። ከሊፍቴ ወረቀት ጎን አስቀመጠችው፤ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ሁለታችሁም ከአንድ ደብተር ነው የገለበጣችሁት" አለች። "መብራት ሲጠፋ የት ነበርክ?"

"ቆሜ ነበር፤ ከግድግዳው ጋር። እናንተ..."

"ሄደህ ነበር። ተረኛ ነኝ ብለህ ከአምስተኛው ወይ ከስድስተኛው ዘፈን በኋላ ወጣህ። ኮትህን እኔ ነኝ ያቀበልኩህ። ጨለማውን ያየነው ሁለታችን ነን፣ እኔና ባለቤቴ፤ እጄን ይዞኝ ነበር። አንተ እሱ ከሞተ በኋላ መተረክ ጀመርክ። ሰው ባለበት። እኔም ዝም አልኩ፤ ስታወራው ደስ ይልሃል ብዬ።"

"ይህን ያህል ዓመት?"

"ምን ልበልህ? ወረቀት ላድልህ?"

ሱሪውን ወደ ማሽኑ መለሰች። "ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው። ከመጣህ ደስ ይለኛል። ካልመጣህ ጋሽ ፖስታ ይፈርሙልኛል፤ ጠይቄያቸዋለሁ።"

"መቼ ጠየቅሻቸው?"

"ዓርብ። ወረቀቱን አድለህ እንደሄድክ።"

ቤቴ ገብቼ ከተማሪነቴ ጀምሮ የያዝኳቸውን ማስታወሻዎች አወረድኩ። የዚያ እሁድ ገጽ አለ። "ኮንሰርት። ጥሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ፈረቃ ገባሁ። አርባ ሁለት ናሙና።" በራሴ እጅ ነው የተጻፈው። መብራቱ ሲጠፋ ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቄ፣ መስታወት ላይ አጎንብሼ ነበር። ነገር ግን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ግድግዳው ይሰማኛል፤ ቅዝቃዜው ከትከሻዬ ላይ አለ። ይህ ከሁሉ የበለጠ አስፈራኝ። እሁድ ቀኑን ሙሉ ሌላ ምን የማላውቀውን እንደማውቅ ሳስብ ዋልኩ፤ የእናቴን የመጨረሻ ቃል ሳይቀር ጠረጠርኩ፤ እሱንም በቦታው ከነበረችው ከእህቴ ነው የሰማሁት።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ የብረት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሊፍቴ ብቻውን ቀድሞ መጣ፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ እጅጌው በእህቴ እጅ እንደጠበበ ያስታውቃል። አጠገቤ ተቀመጠ።

"ንገራቸው ብላኛለች" አለ።

"ንገረኝ።"

"የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ ጋሼ። ከመድረኩ ሥር፣ የማብሪያ ማጥፊያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ዘፈን አይሰማም እዚያ፤ እግር ብቻ ነው የሚሰማው። የኮሪደሩ መስመር ሲግል ሸተተኝ። እሱን አጠፋለሁ ብዬ የመድረኩን ጎተትኩ።"

"የትኛውን እጀታ?"

"ሦስተኛውን። ወይም አራተኛውን። አላውቅም።"

"መልሰህ አላበራኸውም?"

"ስመልሰው ፊውዙ ዘለለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እግሮቹ ሁሉ ቆሙ። ሰው እርስ በርሱ ሊረጋገጥ ነው፣ ሬሳ ሊወጣ ነው ብዬ ቀጥ አልኩ። ከዚያ በእንጨቱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ የሰው ድምፅ ብቻ፣ ያለ ምንም ሙዚቃ። ቃሉ አይሰማም። ከዚያ ኮንሰርት የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምን ሰባተኛ ረድፍ አልክ?"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ጥፍሩ ሥር ያለው የቅባት ጥቁር ለዛሬም አልለቀቀም። "የዚያን ቀን የመብራቱ ኃላፊ ሌላ ሰው ነበር። በነጋታው እሱን አባረሩት፤ እኔ ዝም አልኩ። ልጆች ነበሩት። ፖስተኛው 'የት ተቀመጥክ' ሲሉኝ ያ ክፍል መጣብኝና ከአፌ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሸክላውን ከዚያ በፊት ሌሊት ሌሊት ሰምቼዋለሁ፤ ጥፋቴ የተቀዳበት ሌላ የት አለኝ?"

"የተባረረውን ሰውየ አገኘኸው?"

"ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት።"

"ምን አለህ?"

"በሩን ዘጋብኝ።"

ከፊታችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን እየወለወለች እግራችንን እንድናነሣ ጠየቀችን፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ አነሣን።

የነገረኝን ለማጣራት የሚሆን ወረቀት የለም። የተባረረው ሰውየ ይኑር ይሙት አላውቅም፤ በሽማግሌው መዝገብ ላይ የተጻፈው "መብራት ጠፋ" ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ "አላውቅም" ማለቱ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ምን ደስ እንደሚለኝ እህቴ ነግራው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ማባረር ሞከርኩ፤ አልሄደልኝም። አብሮኝ ቢሮው ውስጥ ገባ።

እህቴ ከፖስተኛው ጋር መጣች። ሰላም አለችኝ፤ ጉንጬን ስትስመኝ ግን ዓይኗ ሊፍቴ ላይ ነበር። ነገርኩት ለማለት ራሱን ነቀነቀላት።

"መጣ ዶክተሩ!" አሉ ፖስተኛው። "እኔ እኮ ፊርማዬን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነው ያደርኩት።"

"የሙሽሪት ምስክር ይቅረቡ" አለች ጸሐፊዋ። "ተጋቢዎቹን ያውቋቸዋል?" አለችኝ።

"እሷን አርባ ዘጠኝ ዓመት።"

"እሳቸውንስ?"

"አሥራ አንድ ወር።" ከዚያ ጨመርኩ። "በደንብ ያወቅኩት ግን አሁን ኮሪደሩ ላይ ነው።"

ፖስተኛው ሳሉ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። "አባቴ፣ አዎ ወይስ አይደለም?"

እህቴ ወደ እኔ አላየችም። የእጇን ቦርሳ ማሰሪያ ጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር፤ ደሙ እስኪቆም አጥብቃ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ግድግዳውን ያያል። እሱን እንደማላውቀው አውቃለሁ። ምናልባት ራሴንም። ነገር ግን እሷ ዘጠኝ ወር ሙሉ እውነቱን ይዛ፣ አመዛዝና፣ ወስናለች። በዚህ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ ናት፤ ከእኔ የሚጠየቀው ደግሞ እሷን ማመን ነው።

"አዎ" አልኩ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ ተጣመመ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ፣ መታወቂያዬ ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያየችው፤ ከዚያ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ፊርማውን።

"እርስዎ ራስዎ ነዎት?" አለችኝ።